ቀን ቀን ልጁን ማን ይይዘዋል?

በተመራቂዎች የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

 

አዘጋጆቹ ደውለው «ሙያንና ወላጅነትን አጣጥሞ ስለመያዝ ትንሽ ብትነግሪን» ሲሉኝ ስልኩን በግራ እጄ ይዤ፣ በቀኜ የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጄን ከምድጃው እያራቅሁ ነበር። ስለዚህ አጣጥሞ ስለመያዝ አልናገርም። የተጣጣመለት ሰው ካለ እዚህ ይውጣና እኔም ቁጭ ብዬ ልስማው። የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ልጆች ያሏችሁ በየማለዳው ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ትመልሱታላችሁ፤ ነጭ ጋውን ለብሰን ስንቀመጥ ግን ለሰው አንጠይቀውም። «ቀን ቀን ልጁን ማን ይይዘዋል?» የሚለው ነው።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ መካከለኛው አራት፣ ትንሹን አሁን ጠቀስኩት። ባለቤቴ በግል ድርጅት የሒሳብ ባለሙያ ነው። እኔ አዲስ አበባ በመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። የሕፃናት ሐኪሞች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተደርድራችሁ ስለማያችሁ አደራ፣ የማትስማሙበት ነገር ካለ ሻይ ላይ ንገሩኝ።

ቲቲፒ ወርደን ቆላ ድባ፣ ደባት ቤት ለቤት ስንዞር የነበረውን መቼም አትረሱትም። ፎርም ታቅፈን፣ ጋውናችን አቧራ ጠጥቶ፣ ውሻ እየፈራን። ይህ ኮሌጅ በአውሮፓውያን 1954 ከተከፈተ ጀምሮ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በቡድን ወደ ሰው ቤት የላከ ኮሌጅ ነው፤ እኛም የዚያ ልማድ ልጆች ነን። በር አንኳኩተን የምትከፍትልን ብዙ ጊዜ የስምንት ወይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ። እናትየው ገበያ ሄዳለች ወይም ውኃ ወርዳለች። ፎርሙ የእናት ዕድሜ፣ የእናት ትምህርት፣ የአባት ሥራ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ዓይነት ይጠይቃል። ሕፃኑን ስላዘለችው ልጅ የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እሷ ጀርባ ላይ ነው የሚውለው፣ ገንፎውን የምታጎርሰው እሷ ናት፣ እጇን ታጥባ ይሁን ሳትታጠብ የምታውቀው እሷ ናት። ፎርሙ ግን እናትየውን ስለሚፈልግ ሌላ ቀን እንመለስ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ለትዝታ አይደለም። እኛ ከተማ ገብተን፣ ስፔሻላይዝ አድርገን፣ ልጅ ወልደን፣ ልጆቻችንን የያዘችልን ሴት አሁንም ፎርሙ ላይ የለችም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ልጅ እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ ሁለት ዓመቱና ከዚያም በላይ ይጥባ እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው፤ የእናቶች ክፍል ግድግዳ ላይም ተለጥፏል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጥ ነበር። ስድስት ወር ማለት 180 ቀን ገደማ ነው። ከ90 እስከ 180 ያለው የማን ነበር? የዓመት ፈቃድ ያጠራቀመች ታስጠጋው ነበር፤ የቀረችው ልጁን በሦስት ወሩ ለሰው ሰጥታ ትመለስ ነበር። አባትየውማ ካነሣነው አይቀር፣ በመንግሥት ሥራ በዚያው አዋጅ 10 የሥራ ቀን ነበረው፤ በግል ድርጅት በ2011ዱ አዋጅ 3 ቀን ነው። ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን ከረቫቱን አስሮ ሲወጣ እኔ ገና በቅጡ መቀመጥ አልቻልኩም ነበር።

ያንን ሦስት ወር የሞላሁት በታለበ ወተት ነው። «ማለብ» የሚለው ቃል ለላም እንጂ ለሐኪም አይመስልም፣ ግን ሌላ ቃል የለንም። የምታልብበት ክፍል ስለሌለ የነርሶቹ ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ሎከር ተደግፌ፣ በር ላይ አንዷን ሲስተር አቁሜ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ክዳን ያለው ንጹሕ ዕቃ፣ ላዩ ላይ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ፕላስተር። ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ከፍሪጅ ውጭ እስከ አራት ሰዓት። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፈተናው ከዚህ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ስንት ጊዜ እንደከፈተች፣ ወተቱን እሳት ላይ ሳይሆን የሞቀ ውኃ ውስጥ አስቀምጣ እንዳሞቀችው፣ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ በትዕግሥት እንዳጠጣችው፣ ከጠጣበት የተረፈውን ለሌላ ጊዜ እንዳላስቀመጠችው፣ ይህን ሁሉ የምትወስነው ቤት ያለችው ናት። እኔ ሎከር ተደግፌ የሠራሁት የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው።

ፀሐይንም ውሰዱ። «ልጁን ፀሐይ አሙቁት» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እኛ ያኔ የምንኖረው ሲኤምሲ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ሊፍት የለም። ፀሐይ ማሞቅ ማለት ሕፃኑን ታቅፎ፣ ፎጣውን ይዞ፣ በሩን ቆልፎ፣ አራት ፎቅ ወርዶ፣ ከመኪናዎቹ መሐል ነፋስ የሌለበት ቦታ ፈልጎ ቁጭ ማለት ነው፤ ከዚያ መልሶ መውጣት። ያቺ ልጅ በዚያው ሰዓት ልብስ ታጥባለች፣ ምሳ ትሠራለች። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ሳሎን ውስጥ መስኮት አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ሕፃኑ ይሞቀዋል፣ ላቡም ይመጣል፣ ግን ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር መስታወቱ አያሳልፈውም። በየዓመቱ ሪኬትስ ያለባቸው ልጆች የሚመጡት ፀሐይ ከጠገበ አገር ነው እያልን እንደነቃለን፤ አንዱ ምክንያት ደረጃው ነው። እኛ ቤት የተፈታው በምክር አልነበረም። ማለዳ ላይ ልብስ ማጠብ ቀረ፣ ማሽን ተገዛ፣ ያ ሰዓት የሕፃኑ ሆነ። የሦስት ወር ቁጠባ ወጣበት።

አማቴ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በፀሐዩ ጉዳይ ከእኔ በላይ ጠንካራ ናቸው። በቅቤው ግን አልተስማማንም። ለአራስ ልጅ ቅቤ ካልዋጠ አንጀቱ አይለሰልስም ባይ ናቸው። «እማማ፣ ስድስት ወር እስኪሞላው ውኃም አንሰጠውም» ስላቸው «አንቺን ያሳደገችሽ እናት ሐኪም ነበረች?» አሉኝ። መልስ የለውም። ስምምነታችን ቅቤው ለእኔ ገንፎ ሆነ። እውነት ለመናገር በጣም ጥሩ ገንፎ ነበር።

ወደ ሞግዚቷ ልምጣ። አዲስ አበባ የምትኖሩ ይህን ወሬ ስታወሩ ድምፃችሁ ዝቅ ይላል፤ በአንድ ሻይ ላይ ስንት ሞግዚት እንደሄደችባችሁ ትቆጥራላችሁ። እኛም በትልቋ ልጅ ጊዜ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አምስት ተፈራርቀውብናል። ሦስቱ በደላላ የመጡ ነበሩ፣ ያስወጣቸውም ያው ደላላ ነው፤ ሌላ ቤት ሲያስገባ ኮሚሽኑን እንደገና ይበላላ። አንዷ ቤሩት ሄደች። አንዷ ደሞዟን ተቀብላ እሑድ ወጥታ ቀረች፣ እስከ ዛሬ አልደወለችም፤ ደኅና ትሁን።

ስድስተኛዋ ከእኛ ጋር አምስት ዓመቷን ይዛለች። ስትመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፣ ከወሎ ገጠር፣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ያቋረጠች። እንድትቆይ ያደረጋት የእኔ ደግነት አይደለም፤ ወረቀት ነው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፎታል። ከዚያ ውጭ ያላት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። በአዋጅ ያልተሰጣትን ግን በአንድ ገጽ ወረቀት መስጠት ይቻላል። ባለቤቴ ሁለት ኮፒ ጻፈ። ደሞዝ በባንክ በራሷ ደብተር፣ እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ዕረፍት፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሥራ የለም፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የማታ ትምህርት፣ ለጥምቀት ወደ አገር ቤት አሥር ቀን ከነትራንስፖርቱ፣ ስትታመም ሕክምናው በእኛ። ተፈራረምን። ስትፈርም እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያኔ መስሎኝ የነበረው ደስታ ነው። በኋላ ስትነግረኝ «እትዬ፣ ወረቀት የሚያስፈርሙት ሊከሱኝ ነው ብዬ ነው» አለችኝ።

የማታ ትምህርቱ ዋጋ አለው፣ እሱን ልንገራችሁ። እሷ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ከወጣች አንዳችን ከዚያ በፊት መግባት አለብን። እኔ በሳምንት ሦስት ምሽት የግል ክሊኒክ እሠራ ነበር፤ የዚያ ገቢ ከመንግሥት ደሞዜ ይበልጥ ነበር። ሁለቱን ምሽት ተውኩት። ባለቤቴ ሰኞና ረቡዕን ያዘ፣ አለቃውን ለምኖ ማለዳ አንድ ሰዓት ገብቶ 10 ሰዓት እየወጣ። ቤት ለመግዛት የጀመርነው ቁጠባ ቆመ፤ ዛሬም ተከራይ ነን። ይህ ለሁሉም ይሆናል አልልም። ሁለቱንም ደሞዝ ለኪራይ የሚያወጣ፣ እናቱንና እህቶቹን የሚጦር ጓደኛ አለኝ፤ ለእሱ ክሊኒኩን ተው ብለው ስድብ ነው። እኔ የመረጥኩት የቤቴን የቀን ሠራተኛ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማድረግን ነው፤ የመረጥኩበትንም ምክንያት እነግራችኋለሁ።

የንባብ ጉዳይ ነው። አንድ የኦአርኤስ ፓኬት በአንድ ሊትር ውኃ ነው። ሊትር የቱ ነው? ሃይላንዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል፤ ገበያ ላይ ግማሽ ሊትርም፣ ሁለት ሊትርም አለ። በጥቂት ውኃ ከበጠበጡት ጨው ይበዛበታል፣ በብዙ ውኃ ከሆነ አይጠቅምም። ከ24 ሰዓት በኋላ መደፋት አለበት። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም አሥር ቀን ይቀጥላል። ሳል ሲይዘው ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ልብሱን ገልጦ መቁጠር፤ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ መግዛት ሳይሆን ወደ ሐኪም። ይህን በአንድ ቅዳሜ አስተማርኳት። የገረመኝ የጥያቄዋ ዓይነት ነው። «ሲያለቅስ ብቆጥረውስ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከኢንተርን ስንጠብቅ ስንት ቀን ይፈጃል!

ደብተር ያዘች። ስንት ሰዓት ጠባ፣ ስንት ጊዜ ሽንት፣ ትኩሳት ካለ ስንት፣ ምን በላ። ካሜራ አስገቡ ያሉን ነበሩ። የሚጠቀሙትን አልወቅስም፣ ግን እኔ ዎርድ ውስጥ ታካሚ እያየሁ ካሜራ የማየው መቼ ነው? ካሜራው የሆነውን ነው የሚያሳየኝ፤ ደብተሩ ግን እሷ ራሷ እንድታይ ያደርጋታል። ሌላም ነገር አደረግን። ቁምሳጥኑ ላይ ገንዘብ ያለበት ፖስታ አስቀመጥን፣ የምናውቀውን የላዳ ሹፌር ስልክ ጻፍንበት። «ልጁ መጠጣት እምቢ ካለ፣ ከደነዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደውይልኝ፤ ካላነሣሁ አትጠብቂኝ፣ ይዘሽው ሂጂ» አልኳት።

መካከለኛው ልጅ አሥራ አንድ ወሩ ላይ ይህ ሁሉ ተፈተነ። እኔ ዲዩቲ ላይ ነበርኩ፣ ባለቤቴ ለሥራ ሐዋሳ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ተቅማጥና ትውከት። ኦአርኤሱን በማንኪያ ስታጠጣው ዋለች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጠጣት አቆመ፣ ዓይኑ ጎደጎደ። ደወለች፤ ስልኬ ሎከር ውስጥ ነው፣ እኔ ከፍተኛ ሕሙማን ክፍል ነኝ። ሁለት ጊዜ ደውላ ፖስታውን አወረደችና ወጣች። መጀመሪያ የወሰደችው አቅራቢያችን ወዳለ የግል ክሊኒክ ነው። ካርድ ክፍል ላይ «እናቱስ? አንቺ ማነሽ?» አሏት። «ሞግዚቱ ነኝ።» «ሂጂ እናቱን ይዘሽ ነይ።» ልጁ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ይህ የሚባለው። ገንዘቡን አሳየቻቸው። አልተቀበሉም።

አልተከራከረችም። ላዳውን መልሳ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ያገኘቻት ሲስተር ከካርዱ በፊት ልጁን አየችው። የሆድ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፣ ከዚያ ጠየቀቻት። መቼ ጀመረ? ስንት ጊዜ? ደም አለው? ምን ሰጠሽው? መጨረሻ የሸናው መቼ ነው? ልጅቷ ደብተሯን አወጣች። ግሉኮስ ተሰቀለለት፣ ማለቴ ሪንገር ላክቴት፣ አገራችን ሁሉንም ግሉኮስ ይለዋል። እኔ የደረስኩት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ልጁ ዓይኑን ገልጦ የሲስተሯን ስቴትስኮፕ እየጎተተ ነበር። ሐኪም መሆኔን ስታውቅ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ዶክተር፣ ታሪኩን ከእሷ ወስጃለሁ። ከእርስዎ የሚጨመር ካለ ይንገሩኝ።»

የምጨምረው አልነበረኝም።

ክሊኒኩን ስሙን አልጠራም፤ ስሙ ቢቀየርም ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ ካርድ ክፍል በየሰፈሩ አለ። የስምምነት ፊርማ ጉዳይ እንደሆነ ይገባኛል፤ ለቀዶ ሕክምና አሳዳጊ ይፈልጋል። ድርቀት ላለበት ሕፃን ግን ፊርማ አይጠበቅም። እንግዲህ እዚህ ያላችሁ መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ይኸው ነው። ለተማሪዎቻችሁ የሕፃን ታሪክ አወሳሰድ ስታስተምሩ፣ ከክትባት ታሪክና ከአመጋገብ ታሪክ ቀጥሎ «ቀን ቀን ማን ይይዘዋል? ዛሬ አብራ መጥታለች?» የሚል መስመር ይግባ። ካልመጣች ስልኳ ይደወል። የዚንኩን አሰጣጥ ለእናትየው ነግረን እናትየዋ ለሠራተኛዋ ስትነግር፣ ሠራተኛዋ ለታላቅ እህቱ ስትነግር መድኃኒቱ ማንኪያ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሌላውን ፈጠን ልበል፣ ሰዓቴ እያለቀ ነው። የቤት አደጋ። የእኛ ቡና መሬት ላይ ነው የሚፈላው፣ የእኛ ልጅም መሬት ላይ ነው የሚድኸው። እኛ ቤት ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል፤ አማቴ «ቡና ያለ ቄጠማ፣ እንደ ቢሮ!» ብለው አዝነዋል፣ ጀበናው ግን ከልጅ እጅ ርቋል። በረኪናን በኮካ ጠርሙስ ማስቀመጥ በቤታችን ክልክል ነው። ላምባም እንዲሁ። የሪሞትና የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከተዋጠ ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ በጥቂት ሰዓት ያቃጥላል፣ እንደ ሳንቲም በሆድ ዕቃ እስኪወጣ አይጠበቅም። ከሰል ደግሞ የእኔ ጉዳይ ነው፤ ክረምት ላይ በር ዘግተው ከሰል አስገብተው የተኙ ቤተሰቦችን ድንገተኛ ክፍል ተቀብያለሁ። ስልክና ቴሌቪዥንን በተመለከተ ከሁለት ዓመት በታች እንዲቀር፣ እስከ አራት ዓመት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መክሯል። እኛ ቤት ጥፍር ሲቆረጥ ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል፤ ከዚያ ለቅሶ አለ። የኬጂ የቤት ሥራን አላነሣም። የአራት ዓመት ልጅ አንድ ገጽ «ቢ» ጻፍ ሲባል ምን እንደማስብ እዚህ መድረክ ላይ አይነገርም።

ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጣችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ትናንት ማታ ራት ላይ እንዳወራነው፣ እናንተ ሞግዚት ስለማይቀመስ እናቶቻችሁን በጉብኝት ቪዛ ስድስት ወር እያስመጣችሁ ትመልሳላችሁ። አያት ከልጅ ልጇ ስትለይ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚሆነውን ነገራችሁኝ። የእኛዋ ልጅ ታላቅ እህት ሪያድ ናት። አንድ ማታ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እየሠራች «እትዬ፣ እህቴ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፣ የእሷን ልጅ እናቴ ታሳድጋለች፣ እኔ የእርስዎን» አለችኝና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ምሬት የለበትም፤ እንደ ሒሳብ ነው ያሰላችው። ያ ሪያድ ያለችው ሴት ልጅ አራት ዓመቷ ነው፣ ከእኔ መካከለኛው ጋር እኩያ ነች። የእሷን ክትባት ማን እንዳስከተበ ጠይቄያለሁ። አያቷ ናቸው፣ ሁለት ሰዓት በእግር ሄደው።

አሁን ወደ ተግባሩ። ማኅበራችን ዘንድሮ ለሆስፒታሉ የሚያበረክተውን ስጦታ ገና አልመረጠም። ማሽን ይገዛ የሚሉ አሉ፣ ማሽንም ያስፈልጋል። እኔ የማቀርበው ክፍል ነው፤ የሕፃናት ማቆያ። ጠቅሼው የነበረው የ2010ሩ አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማቆያ እንዲያቋቁም ይል ነበር፣ አዲስ አበባም በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ተከፍቷል። ነገር ግን ብዙዎቹ እንደ ቢሮ ይሠራሉ፣ ማታ ይዘጋሉ። የእኛ ሥራ ደግሞ ማታ ነው። ሬዚደንቷ ሌሊት ዲዩቲ ስትገባ፣ ነርሷ ማታ ፈረቃ ስትገባ፣ 11 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ማቆያ ምን ያደርግላታል? ስለዚህ ሌሊትም ክፍት የሆነ፣ ከማዋለጃውና ከዎርዶቹ በእግር አምስት ደቂቃ የማይበልጥ፣ ጡት የሚያጠቡ እናቶች በመሐል መጥተው አጥብተው የሚመለሱበት ይሁን። ውኃ፣ ፍሪጅ፣ ጄኔሬተሩ የሚደርስበት ሶኬት፣ አንዲት የምትታለብበት ጥግ ከነመጋረጃዋ። ሠራተኞቹ ደግሞ ተቀጣሪ ይሁኑ፣ ውል ያላቸው፣ የሠለጠኑ። ፅዳት ሠራተኞቹም ልጆቻቸውን ያስገቡ፤ ለሐኪሞች ብቻ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ከሁሉ የሚከብደው የሠራተኞቹ ደሞዝ ነው፤ ክፍል አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ደሞዝ ግን በየወሩ ነው። ለዚህ ከእያንዳንዳችን በየወሩ በባንክ የሚቆረጥ መዋጮ እንጂ የአንድ ቀን ጭብጨባ አይበቃም። ውጭ ያላችሁም በዶላር ብታስቡበት አንቀየምም።

ሆስፒታሉ ውስጥ የምትሠሩ፣ ባዶ ወይም የተሰበረ አልጋ የታጨቀበት ክፍል የምታውቁ፣ ከምሳ በፊት አግኙኝ። ውኃ መስመር እንዳለው፣ መስኮቱ ወደ ውጭ እንደሚከፈት፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ንገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል ግቢ ለጉብኝት ከምትሄዱት መካከል ሁለት ሦስት ሰው ቀርቶ ከእኔ ጋር ክፍል ቢለካ ደስ ይለኛል። ሜትር ይዤ መጥቻለሁ።